ከሰዓዳ ጋር በሰርቨር ክፍል

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ፣ ቢቸና ቤቴ ውስጥ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ከተቀመጥኩበት ብድግ እላለሁ። አስቤበት አይደለም፤ እግሬ ራሱ ነው የሚነሣው። ባለቤቴ አስናቀች «ደግሞ ወዴት ነው?» ትለኛለች። «የትም» ብዬ ተመልሼ እቀመጣለሁ። ጆሮዬ ግን ሥራውን አልተወም። መጀመሪያ የሰርቨሩን ማራገቢያ ረጅም ትንፋሽ፣ ቀጥሎ አንዲት አጭር ጢጥ፣ ከዚያም ዝግ ብሎ የሚዘልቀውን እምምታ ይጠብቃል። ሞጣ በነበርኩ ጊዜ ያ ድምፅ ከተሰማ ቀኑ ቀን ነው። ካልተሰማ ግን በሽተኛው ግቢው ውስጥ ይከማቻል፣ ዶክተሩ ጓንቱን አውልቆ በረንዳ ላይ ይቆማል፣ ሁሉም ወደ እኔና ወደ ሰዓዳ ያያል።

ሰዓዳ አለቃዬ ነበረች። በዕድሜ ከመጀመሪያ ልጄ ታንሳለች። ስለ ሥራ ዘመኔ ልጻፍ ብዬ ስቀመጥ ሐሳቤ እየዘለለ እሷ ጋ ይሄድብኛል። ስለዚህ እሷ ጋ እስክደርስ ያለውን ቶሎ ልለፈው።

የተወለድኩት ደብረ ወርቅ አጠገብ ነው። አባቴ ቄስ ነበሩ። ዳዊት ደግሜ ቅኔ ቤት ደጃፍ ደርሼ ነበር፤ ከዚያ አስኳላው ወሰደኝ። ቢቸና ላይ ጽሕፈት መኪና ተማርኩና አንድ መሥሪያ ቤት በታይፒስትነት ተቀጠርኩ። አቶ መኩሪያ የሚባሉ ቀጭን አለቃ ነበሩኝ። የጻፍኩትን ደብዳቤ ገና ሳያነቡት ወደ መስኮቱ ያነሡትና በብርሃን ያዩታል። የተፋቀ ፊደል ካለ ብርሃኑ ያሳብቃል። «አዳሙ፣ እዚህች ጋ ተጠራጥረሃል» ይሉኛል። ስህተቱ ሳይሆን መጠራጠሬ ነበር የሚያሳስባቸው። መኪናዋ ስትበላሽ ጠጋኝ ከደብረ ማርቆስ እስኪመጣ ሥራ ይቆም ነበር። እኔ መጠበቅ አይሆንልኝም። የጥርስ ብሩሽ በናፍታ እየነከርኩ የፊደሎቹን ክንድ አንድ በአንድ ማጠብ ጀመርኩ፤ ጸደይዋን መፍታት፣ መልሼ መወጠር ለመድኩ። ኮምፒውተር ሲመጣ «አዳሙ መኪና ይፈታል» ተብሎ ባሕር ዳር ለሥልጠና የተላክሁት በዚሁ ምክንያት ነው። ስመለስ ደመወዜ ትንሽ ከፍ አለ፣ የሥራ መደቤ ስም ደግሞ በጣም ረዘመ።

ልጆቼ ከፍ ከፍ ካሉ በኋላ አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ሞጣ ላይ የዓይን ክሊኒክ ከፍቶ የኮምፒውተር ባለሙያ እንደሚፈልግ ሰማሁ። ተወዳድሬ ገባሁ። ቤተሰቤ ቢቸና ቀረ። እኔ ሞጣ አንዲት ክፍል ተከራይቼ፣ ቅዳሜና እሑድ በደብረ ወርቅ በኩል በአውቶቡስ እየተመላለስኩ መኖር ጀመርኩ።

የክሊኒኩ ዋና ሥራ የዓይን ሞራ መግፈፍ ነበር። ሞራው ሲገፈፍ በምትኩ ትንሽ ሌንስ ዓይን ውስጥ ይገባል። ሌንሱ ለሁሉም አንድ አይደለም፤ እንደ ጫማ ቁጥር አለው፣ ቁጥሩም የሚታወቀው ዓይኑ በመሣሪያ ተለክቶ ነው። ስለዚህ የልኬት ቡድኑ አስቀድሞ በየከተማው ይዞራል። ቢቸና፣ ደብረ ወርቅ፣ መርጡለ ማርያም እየሄደ የሰዉን ዓይን ይለካና ልኬቱን ሞጣ አምጥቶ መረጃ ሁሉ በሚቀመጥበት ዋና ኮምፒውተር፣ በሰርቨሩ ላይ ያስቀምጣል። ቀዶ ጥገና የሚሠራው ዶክተር ከአዲስ አበባ የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው። ሲመጣ የተለኩት ሰዎች ይጠራሉ። ልኬቱ ከሌለ ዶክተሩ ቢኖርም ሥራ የለም።

ሰዓዳ ስትመጣ የክሊኒኩ ኃላፊ ሲስተር ብርቄ ክፍሌ ድረስ ይዘዋት መጡ። «ጋሽ አዳሙ፣ አለቃዎን ይተዋወቁ» አሉኝ። ሻሿን በጥንቃቄ የጠመጠመች፣ ፊቷ ገና ልጅነቱ ያልለቀቀው የወሎ ልጅ ናት። ተነሥቼ «እንዴት ነዎት?» አልኩ።

«ጋሼ፣ እርስዎ እኔን አንቱ ካሉኝ እዚህ መሥራት አልችልም። ይጨንቀኛል» አለች።

«አለቃ እኮ ነሽ፤ ምን ልበልሽ ታዲያ?»

«ይኸው አሉኝ እኮ! አንቺ።» ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ በኋላ በመካከላችን አለቃና ምንዝር የሚባል ነገር የነበረ አይመስለኝም።

ያኔ ሰርቨራችን አንድ ጥቁር ብረት ሆኖ በውስጡ ሌሎች ኮምፒውተሮች ይኖሩ ነበር። ቨርቹዋል ማሽን ይባላሉ። ሥልጠና ላይ ስማቸውን ሰምቼ ነበር እንጂ አልገቡኝም ነበር። ሰዓዳ በአንድ ዓረፍተ ነገር አስረዳችኝ። «ጋሼ፣ ብረቱ ግቢ ነው፤ ውስጡ ሦስት ተከራይ አለ፤ እያንዳንዱ ተከራይ ግቢው የእሱ ብቻ ይመስለዋል» አለችኝ። አንዱ ተከራይ የምዝገባ ማሽን፣ አንዱ የመድኃኒት ቤት፣ ሦስተኛው የልኬት ማሽን ነበር። በእጅ አይዳሰሱም፣ አቧራ አይይዛቸውም፤ ፋይል ናቸው። አልነሣም ሲሉ ግን ከማንኛውም ብረት የባሱ ግትር ናቸው።

የመጀመሪያውን ግትርነት ያየሁት መብራት ብዙ ጊዜ ጠፍቶ በተመለሰ አንድ ጠዋት ነው። ብረቱ ተነሣ፣ ማራገቢያው ዞረ፤ ከተከራዮቹ አንዳቸውም አልነሡም። ቁልፉን ስጫን ስክሪኑ ላይ አንድ መልእክት ብቅ ይላል። ዘግቼው እንደገና እጫናለሁ። ደግሞ ብቅ ይላል። ብረቱን አጥፍቼ ላስነሣው እጄን ስዘረጋ ሰዓዳ ከኋላዬ «ጋሼ፣ ምን አለ?» አለች።

«አልነሣም አለ።»

«እሱንማ አያለሁ። ምን ብሎ ነው አልነሣም ያለው? እስኪ ጮክ ብለው ያንብቡልኝ።»

ይህ ልማዷ ነበር። ማሽን ሲታመም እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ ትቆማለች። መልእክቱ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻዋ ነጥብ ድረስ ድምፅ ወጥቶ ካልተነበበ ማንም ምንም አይነካም። እኔ በእንግሊዝኛ አነባለሁ፣ ቀጥዬ በአማርኛ እተረጉማለሁ። የዚያን ቀን መልእክት ትርጉሙ፣ ብረቱ ተከራይ የማስተናገድ ችሎታው ተዘግቷል የሚል ነበር።

«ትናንት ሲያስተናግድ ዋለ» አለች ሰዓዳ። «ማን ዘጋው? ከትናንት ወዲህ ምን ተለወጠ?»

«መብራት ጠፋ።»

«መብራት ሁልጊዜ ይጠፋል። ሌላስ?»

ስክሪኑን ሳይ ከጥግ ያለችው ሰዓት ዓይኔ ውስጥ ገባች። ቀኑ ከብዙ ዓመት በፊት የነበረ ቀን ነው። ብረቱ ገና ሳይሠራ የነበረ ቀን። በጣቴ ጠቆምኩ። ሰዓዳ እጆቿን ከኋላዋ ፈታቻቸውና አጨበጨበች። «ባትሪው! ጋሼ፣ ባትሪው ሞቶ ነው!»

ብረቱ ውስጥ ሳንቲም የምታክል ባትሪ አለች። መብራት ሲጠፋ ሰዓቱንና የተነገረውን ነገር ሁሉ እንዳይረሳ የምታስታውስለት እሷ ናት። እሷ ስትሞት ብረቱ ከፋብሪካ እንደወጣ ይሆናል፤ ተከራይ እንዳለውም ይረሳል። እንዲህ ያለውን ባትሪ ገበያው አጠገብ የእጅ ሰዓት የሚጠግን ሰው ይሸጣል። እኔው ሮጬ አመጣሁ። ሰዓዳ ባትሪዋን ቀየረች፣ ቀኑን አስተካከለች፣ የተዘጋውን ከፈተች። ሦስቱም ተነሡ። ምዝገባ ክፍል ያለችው ሴት በመስኮቱ በኩል እልል አለች፤ ደጅ የቆሙት ሕመምተኞች ምን እንደተፈጠረ ሳያውቁ አብረው እልል አሉ።

ደስ የሚለኝ ሌላም ልማድ ነበራት። የታመመን ማሽን ከመንካቷ በፊት ቅጂውን ሌላ ቦታ ታስቀምጣለች። «የማይመለስ ነገር አልነካም» ትል ነበር። የችኮላ ቀን ሳይቀር ቅጂው እስኪያልቅ እጇን አጣምራ ቆማ ትጠብቃለች፤ ሲስተር ብርቄ በር ላይ መጥተው ቢቆጡም አትንቀሳቀስም።

የሰርቨሩ ክፍል ቀዝቃዛ ስለሆነ የቀትር ሶላቷን፣ ዙህርን፣ የምትሰግደው እዚያው ነበር። እኔ በሩን ከውጭ ይዤ እቆማለሁ፣ ሰው ቢመጣ «ሰዓዳ ሥራ ላይ ናት» እላለሁ። በረመዳን እሷ ፊት ውኃ አልጠጣም። በእኛ ፆም እሷ ከእኔ ጋር ሽሮ ትበላለች፤ «ምነው ሥጋ የምትበይበት ቤት አጣሽ?» ስላት «ለብቻ መብላት አይሆንልኝም» ትለኛለች። እነዚህ ትንንሽ ነገሮች ናቸው። አሁን ቢቸና ተቀምጬ የሚናፍቁኝ ግን እነሱው ናቸው።

ክፉው ቀን የመጣው የመኸር ሥራ አልቆ ሰዉ መንገድ በሚወጣበት ወቅት ነው። ዶክተሩ ከአዲስ አበባ መጥቷል። ግቢው ሞልቷል። ከቢቸና በአውቶቡስ የመጡ አሉ፣ ከመርጡለ ማርያም በበቅሎ ተነሥተው መንገድ ላይ ያደሩ አሉ። ከደብረ ወርቅ የመጡት የቅኔ መምህር የኔታ ጥበቡ በተማሪያቸው እየተመሩ በረንዳው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ሁለቱም ዓይኖቻቸው በሞራ ተሸፍነዋል። ሲለኩ እኔም ነበርኩ። «ከዓመታት በፊት የተውኩት መጽሐፍ አለ፤ ከመሞቴ በፊት ልጨርሰው» ብለውኝ ነበር።

ጠዋት የልኬት ማሽኑ አልነሣ አለ። መልእክቱን አነበብኩ፤ ቦታ የለም ይላል። ሰዓዳ ፊቷ ተለወጠ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቨርቹዋል ማሽን ባለበት ሁኔታ ፎቶ ሊነሣ ይችላል። ከፎቶው በኋላ የሚጻፈው ሁሉ በዋናው ፋይል ላይ አይጻፍም፤ ለብቻው በሌላ ፋይል ይከማቻል። ከእኛ በፊት ማሽኑን የተከለው ኩባንያ እንዲህ ያለ ፎቶ አንሥቶለት ሄዷል፤ የተከማቸው ሁሉ ከዋናው ጋር መዋሃድ ነበረበት። እኛ ስናገኘው ተከማችቶ ተከማችቶ ዲስኩን ሞልቶታል። ሁለተኛ ዲስክ ከአዲስ አበባ ይመጣል ከተባለ ቆይቷል፤ አልመጣም። በክሊኒኩ ውስጥ ለወትሮው ቅጂ የምናስቀምጥበት ቦታ ሁሉ ሞልቶ ነበር።

ከግቢው የሰዉ ድምፅ ይሰማል። ሲስተር ብርቄ በር ላይ ቆሙ። «ሰዓዳ፣ ዶክተሩ ስንት ቀን እንደሚቆይ ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ ሲስተር። ቅጂ ሳልይዝ ግን…»

«ልጄ፣ ውጭ ውጪና ሰዉን እይው።»

ሰዓዳ አልወጣችም። የመድኃኒት ቤቱን ማሽን ዘግታ፣ የማያስፈልገውን ሁሉ ሰርዛ ለማዋሃድ ብቻ የሚበቃ ጠባብ ቦታ አገኘች። ለቅጂ ግን አልበቃም። «ጋሼ፣ ምን ይላሉ?» አለችኝ። እኔ ምን እላለሁ? «አንቺ ያልሽው» አልኩ። ማዋሃዱን ጀመረች። ስክሪኑ ላይ ያለችው መስመር ቀስ እያለች ወደ ቀኝ ትሄድ ጀመር። ጎን ለጎን ቆመን፣ ሕፃን እንደተኛበት ቤት ድምፃችንን ዝቅ አድርገን እናያታለን። መስመሯ ግማሹን አልፋ ሳለ መብራት ጠፋ። መጠባበቂያ ባትሪው አርጅቶ ስለነበር ጄነሬተሩ እስኪነሣ አልያዘልንም። ማራገቢያው እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ቆመ። ያን ዝምታ ዛሬም አልረሳውም።

መብራቱ ሲመለስ ያ የተከማቸው ፋይል አልከፈት አለ። ከሁሉም በኩል ሞከረችው። ምሳ ሳንበላ ቀትር አለፈ፤ ዙህር መስገጃዋም አለፈ። በስተመጨረሻ ዋናውን ፋይል ብቻ ይዛ ማሽኑን አስነሣችው። ተነሣ። ግን የተነሣው ያ ፎቶ በተወሰደበት ዕለት እንደነበረው ሆኖ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለውን ጊዜ ተኝቶ ያሳለፈ ይመስላል። በቢቸና፣ በደብረ ወርቅ፣ በመርጡለ ማርያም የተለኩት ሰዎች ስማቸውም ልኬታቸውም የለበትም። መለኪያ መሣሪያው ደግሞ ለጥገና አዲስ አበባ ሄዷል።

ሲስተር ብርቄ ለሰዉ እነግራለሁ ብለው ነበር። ሰዓዳ «እኔ ነኝ የምነግራቸው» አለች። ወጥታ በረንዳው ላይ ቆመች። ልኬታቸው እንደጠፋ፣ መሣሪያው ሲመለስ እንደገና እንደሚለኩ፣ ዶክተሩ ዳግመኛ ሲመጣ እንደሚጠሩ ነገረቻቸው። አንዳንዱ ተቆጣ፣ አንዳንዱ አለቀሰ፤ አብዛኛው በትሩን ፈልጎ ተነሣ። ከዚያ ወደ የኔታ ጥበቡ ሄዳ ተንበረከከችና እጃቸውን ያዘች። እጃቸው ላይ አለቀሰች።

የኔታ ራሷን በሌላ እጃቸው ዳሰሱ። «ልኬ ጠፋ ነው የምትይኝ?» አሉ። «ሰዉ ሁሉ አንተ ልክህን አታውቅም ሲለኝ ኖሯል። አሁንስ ማሽኑም አላውቀው አለ በይኛ!» ተማሪያቸው ሳቀ። ሰዓዳ አልሳቀችም።

ዶክተሩ በዚያ ዓመት አልተመለሰም። ሲመለስ ከደብረ ወርቅ የተጠሩት ሰዎች ሲመጡ የኔታ አብረው አልነበሩም። ማረፋቸውን የሰማነው ያን ዕለት ነው። በነጋታው ከሰዓዳ ጋር ደብረ ወርቅ ለልቅሶ ሄድን። እሷ ከድንኳኑ ደጃፍ ትቆማለች ብዬ ነበር፤ ገብታ ከሴቶቹ መካከል ተቀመጠች። ያ ተማሪያቸው አወቀኝና ወደ እሷ እያየ «ያቺ ናት?» ብሎ ጠየቀኝ። «አዎ» አልኩ። «የኔታ ዓይኔ ሲበራ እጄ ላይ ያለቀሰችውን ልጅ አሳዩኝ ይሉ ነበር» አለኝ። እንዲህ አሉ ብዬ ለሰዓዳ ለመንገር በመንገዱ ሁሉ አፌን ከፍቼ ዘጋሁ። ሞጣ ልንገባ ስንቃረብ ነገርኳት። ፊቷን ወደ አውቶቡሱ መስኮት አዞረች፤ እስክንወርድ አልመለሰችውም።

ከዚያ በኋላ ድርጅቱ ዲስኩንም አዲስ መጠባበቂያ ባትሪውንም ላከ። ሰዓዳ ግን ሳቋ ቀነሰ። ጥቂት ቆይታ እናቷ ስለታመሙ ሥራውን ለቃ ወደ ወሎ ልትመለስ መሆኑን ነገረችኝ። ሞጣ መናኸሪያ ልሸኛት ሄድኩ። ሻንጣዋን ጣሪያ ላይ ካሰርንላት በኋላ «ሰዓዳ፣ እኔ ብቻዬን ምን ላደርግ ነው?» አልኳት።

«ይልቅ እኔ ያለ እርስዎ ምን እንደምሆን ይጠይቁ እንጂ» አለች። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። መልእክቱን ጮክ ብለው እንዲያነቡ የማደርገው ለማስተማር አይምሰልዎት። ማሽን አልነሣ ሲል ልቤ ይመታል፤ ፊደሉ ይደባለቅብኛል። የእርስዎን ድምፅ ስሰማ ነው የምረጋጋው።»

ሹፌሩ ጡሩንባ ነፋ። ተሳፈረች። አውቶቡሱ ከመናኸሪያው እስኪወጣ ቆሜ አየሁት።

የሄደችበት ጊዜ ነገር ሁሉ የሚከብድበት መጀመሪያ ነበር። በጸጥታው ምክንያት መንገድ ይዘጋል፣ ይከፈታል። ኢንተርኔት ጠፋ፤ ቆይቶ ስልኩም ጠፋ። አንዳንድ ጊዜ ቢቸና ያሉትን ልጆቼን ደኅንነት የምሰማው በመንገደኛ አፍ ነበር። ክሊኒኩ ግን አልተዘጋም። መንገድ በተከፈተበት አንድ ቀን ዶክተሩ እንደምንም ሞጣ ገባ፤ መንገዱም ከኋላው ተዘጋ። ሲስተር ብርቄ «እግዜር ዘግቶብን አይደለም፣ ዘግቶልን ነው» አሉ። በአቅራቢያው ያለው ሰው ወሬውን እየሰማ በእግሩ መጣ። መብራት ሄዶ መጣ። የልኬት ማሽኑ አልነሣ አለ።

ገብቼ በሩን ዘጋሁ። እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ቆምኩ። ለማን እንደማነብ ሳላውቅ ጮክ ብዬ አነበብኩ፤ በእንግሊዝኛ፣ ከዚያ በአማርኛ። ፋይሉ በሌላ ተይዟል ይላል። «ማን ያዘው?» አልኩ። ድምፄ ባዶው ክፍል ውስጥ ለራሴ እንግዳ ሆነብኝ። ስልኬን አወጣሁ፤ ኔትወርክ የለም። መልሼ ከተትኩት።

መጀመሪያ ቅጂ። አሁን ዲስክ አለን። ቅጂው እስኪያልቅ ቆሜ ጠበቅሁ፤ ሲስተር ብርቄ በሩን ቢያንኳኩም «ቆዩኝ» አልኩ። ከዚያ ማሽኑን የያዘ ሌላ ካለ በየኮምፒውተሩ ዞሬ አየሁ። ማንም የለም። ማሽን ሲነሣ ሌላ እንዳይነካው በሩ ላይ ቁልፍ የሚያህል ትንሽ ፋይል ያኖራል፤ በወጉ ሲዘጋ ያነሣዋል። መብራት ድንገት ሲጠፋ ቁልፉ እንደተንጠለጠለ ቀርቷል። ቤቱ ውስጥ ሰው የለም፤ በሩ ግን ሰው አለ ይላል። ያቺን ፋይል አልሰረዝኳትም፤ ወደ ሌላ ቦታ አነሣኋት። ልቤ እየመታ አስነሣሁት።

ተነሣ። የሰዎቹ ስም ከነልኬታቸው ተደርድሮ መጣ። በሩን ከፈትኩ። «በሉ ጀምሩ» አልኩ።

ያን ዕለት ቀዶ ጥገና ከተደረገላቸው አንዷ የሻረግ የምትባል ሴት ነበረች። በማግስቱ ጠዋት ፋሻዋ ሲፈታ እዚያው ነበርኩ። ዓይኗን ጨፍና ብዙ ቆየች፤ መክፈት ፈራች። ስትከፍት አጠገቧ የቆመውን ባሏን አየችና «ኧረ፣ ምነው እንዲህ ሸበትክ?» አለችው። ሰዉ ሁሉ ሳቀ፤ ባሏ ግን ጋቢውን ዓይኑ ላይ አድርጎ አለቀሰ። እኔ ወደ ሰርቨሩ ክፍል ተመለስኩና ስልኬን ደግሜ አወጣሁ። ያንን የምነግረው አንድ ሰው ብቻ ነበረኝ፤ ኔትወርክ አልነበረም።

በዓመቱ ድርጅቱ ሥራውን ሁሉ አዲስ አበባ ወዳለ ማዕከል አዞረ። ተከራዮቹን አንድ በአንድ ላክናቸው። ብረቱን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ጡረታዬ ደረሰ። ዳቦ ተቆረሰ፣ ጋቢ ተሸለምኩ፤ ሲስተር ብርቄ ጥሩ ቃል ተናገሩልኝ። ዕቃዬን ጭኜ ቢቸና ገባሁ።

ስልክ ከተመለሰ ብዙ ቢቆይም የሰዓዳ ቁጥር አይሠራም ነበር። ባለፈው በጋ የማላውቀው ቁጥር ደወለ።

«ጋሼ!»

ሰዓዳ ነበረች። እናቷ ድነዋል። ወሎ፣ መካነ ሰላም አጠገብ ባለ ትምህርት ቤት ለልጃገረዶች ኮምፒውተር ታስተምራለች። ስለ የሻረግ ነገርኳት፤ ስለ ተንጠለጠለው ቁልፍ፣ ስለ ቅጂው፣ በባዶ ክፍል ስለማንበቤ። «ጋሼ፣ ይምጡ እንጂ» አለች በስተመጨረሻ። «እኔ እኮ ማዶ ነኝ፤ ዓባይ ብቻ ነው በመካከላችን ያለው።»

ሳልውል ሳላድር ተነሣሁ። አስናቀች ስንቅ ቋጠረችልኝ። መርጡለ ማርያም ስደርስ ወደ ማዶ የሚሻገር መኪና እንደሌለ፣ መቼ እንደሚኖርም እንደማይታወቅ ነገሩኝ። አንድ ቀን ጠበቅሁ፤ ሌላም ቀን ጠበቅሁ። ከመመለሴ በፊት ከከተማው ወጥቼ አፋፉ ድረስ በእግሬ ሄድኩ። ከሥር ሸለቆው ተንጣሎ ይታያል፤ ከማዶው ደግሞ ሰማያዊ ሆኖ የወሎ ተራራ። ደወልኩላት።

«የት ነሽ?»

«ቤቴ።»

«ውጪና ወደ እኛ ፊትሽን አዙሪ። አፋፉ ላይ ነኝ።»

በሩ ሲከፈት ሰማሁ፤ ስትራመድ ሰማሁ፤ ነፋሱን ሰማሁ። «ወጥቻለሁ» አለች። «ገደሉ ነው የሚታየኝ።»

«እኔም።»

እጄን አነሣሁ። «እጄን አንሥቻለሁ» አልኳት። «እኔም አነሣሁ» አለችኝ። ማንም ማንንም አያይም። ስልኩን ጆሯችን ላይ እንደያዝን፣ እጃችንን ሳናወርድ ብዙ ቆምን።